ላሟ አትጾምም፦ የአንዲት ወተት ፋብሪካን የሥራ ዕቅድ እንዴት እንዳወጣን

የኦፕሬሽን ኃላፊ ሆኜ የተቀጠርኩባት ወተት ፋብሪካ ትንሽ ናት። ከአዲስ አበባ ወጣ ብላ፣ በሰላሌ መስመር ላይ። ከገበሬ ወተት ትገዛለች፣ ፓስቸራይዝ አድርጋ በላስቲክ ታሽጋለች፣ ለካፌ፣ ለሱቅና ለሱፐርማርኬት ታከፋፍላለች። እርጎ፣ ቅቤና ጥቂት ቺዝም አላት።

ስገባ ዓመታዊ ዕቅድ ነበራት። ያማረ ነው፣ ተጠርዟል። ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴት፣ ቀጥሎ አንድ ሰንጠረዥ። የዓመቱ ሽያጭ ለ12 ተካፍሎ ከሐምሌ እስከ ሰኔ እኩል እኩል ተደርድሯል። የሲሚንቶ ገበያ እንኳ ክረምት ላይ ይቀዘቅዛል። ወተት ለ12 እኩል የሚካፈልበት አገር ካለ፣ የእኛ አይደለም።

እዚህ ገበያ ውስጥ ወተት የሚሸጥ ሰው ዓመቱን የሚቆጥረው በጾምና በፍስክ ነው። ረቡዕና ዓርብ አለ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ይሄዳል። ፍልሰታ የነሐሴን ግማሽ ይወስዳል። ነነዌ ሦስት ቀን ናት። የሐዋርያት ጾም «የቄስ ጾም» እየተባለ ብዙው ሰው ስለሚያልፈው እኛን የሚነካን በጥቂቱ ነው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ደግሞ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ያኔ ካፌዎች ስልካችንን አያሳርፉትም። አሁን አሁን የጾም ማኪያቶ የሚባል መጥቷል፣ በአኩሪ አተር የሚሠራ። ለካፌዎቹ ጥሩ ነው። እኛ ግን አኩሪ አተር አናልብም።

ይሄን ሁሉ በፋብሪካው ውስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ከጥበቃው እስከ ባለቤቱ ሁሉም ያውቃል። ዕቅዱ ውስጥ ግን አልነበረም። ዕቅዱ የተጻፈው ለባንክና ለቦርድ ነው፤ ሥራው የሚሠራው ደግሞ በልምድ። ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም።

ስለዚህ ከሰንጠረዡ በፊት የቀን መቁጠሪያ ሠራሁ። ትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጠፍኩና ከሐምሌ 1 ጀምሮ እያንዳንዱን ቀን በአራት ቀለም ቀባሁ። ተራ የፍስክ ቀን፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ረጅም ጾም፣ የበዓል ዋዜማና ቅበላ። ቅበላን ለብቻዋ ካላያችኋት ታስቸግራለች። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ሰው ሁሉ በወተትና በሥጋ ይሰናበታል። በማግስቱ ጭር ይላል። ጭማሪውም ውድቀቱም በአንድ ወር ውስጥ ስለሚያርፉ የወሩ አማካይ ምንም አይነግራችሁም።

ከዚህ የሚብሰው ፋሲካ የሚዋልል መሆኑ ነው። በ2016 ፋሲካ ሚያዝያ 27 ዋለ፤ ጾሙ የገባው መጋቢት 2 ነበር። በ2017 ሚያዝያ 12 ዋለ፤ ጾሙ የካቲት 17 ገባ። ከነነዌና ከረቡዕ ዓርብ በቀር የ2016 የካቲት ሙሉውን ፍስክ ነበር። የ2017ቱ ግማሽ ያህሉ በጾም አለፈ። «ከአምናው ተመሳሳይ ወር ጋር ሲነጻጸር» የምትለዋ የሪፖርት ቋንቋ እዚህ ጋ ጉድ ትሠራለች።

እንደተባለውም የፋብሪካው ባለቤት፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው፣ የ2017ን የካቲት ሪፖርት ይዘው መጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ሽያጭ ክፍሉ ተኝቷል እንዴ? አምና የካቲት ስንት ነበር፣ ዘንድሮ ስንት ሆነ?»

የሁለቱን ዓመት ወረቀት ጎን ለጎን ዘረጋሁላቸው። ቀለሙን እያዩ ዝም አሉ። እሳቸው ራሳቸው ጾም ከገባ ወተት በአፋቸው አይዞርም። «ለካ እኔም አልገዛሁም» ብለው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ የምናነጻጽረው ወርን ከወር ሳይሆን የጾምን ሳምንት ከጾም ሳምንት፣ የፍስክን ከፍስክ ነው።

በዚያው ዓመት ረመዳን ከዐቢይ ጾም ጋር ተደረበ። ባንዱ ሰፈር ወተት ሲቆም በሌላው ለማፍጠሪያ እርጎና ወተት ይፈለጋል። መኪኖቹ ግን የለመዱትን መስመር ነበር የሚዞሩት። ለሁለቱ ጾሞች የተለየ የሥርጭት መስመር አወጣንና ወደ መርካቶና ወደ ኮልፌ የሚሄደውን ጭነት ከፍ አደረግን። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ስለሚመጣ ይሄ መደራረብ ለዘላለም አይቆይም። ግድግዳው ላይ የራሱ ምልክት የተሰጠው ለዚህ ነው።

ኤክሴልን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። የእኛን ካሌንደር አያውቅም። የካቲት 17 ብላችሁ ብትጽፉለት ቀን መሆኑ አይገባውም፣ እንደ ተራ ጽሑፍ ነው የሚያየው። እኛ መፍትሔ ያደረግነው ለእያንዳንዱ ቀን ከሐምሌ 1 ጀምሮ ተራ ቁጥር መስጠት ነው። ስሌቱ በተራ ቁጥሩ ይሄዳል፣ የኢትዮጵያው ቀን አጠገቡ ለሰው ዓይን ይጻፋል። ጳጉሜም ቦታዋን አገኘች።

የሽያጩን ትንበያ ያስተካከለልን ግን ኤክሴል ሳይሆን ሾፌር ነው። ተመላሽ ወተት ረቡዕና ዓርብ ይበዛል፤ ስለዚህ የረቡዕንና የዓርብን ጭነት ቀንሰን ነበር። ተመላሹ ግን አልቀነሰም። አንድ ቀን ከሾፌሮቹ አንዱ መኪናውን እያሳጠበ «እህቴ፣ ረቡዕ የሚመለሰው እኮ ረቡዕ የጫንኩት አይደለም፤ ማክሰኞ ከሰዓት የጫንኩት ነው» አለኝ። ባለሱቁ ማክሰኞ ማታ ካልሸጠው ረቡዕ የሚገዛው የለም፤ ለሐሙስ ደግሞ ቀኑ ይገፋል ብሎ እዚያው ረቡዕ ይመልሰዋል። የማክሰኞና የሐሙስ ከሰዓት ጭነት ሲቀነስ ተመላሹ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ሾፌሮች የሌሉበት የዕቅድ ስብሰባ አናደርግም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ሰው ይጾማል፣ ላሟ ግን አትጾምም። ጠዋትና ማታ ትታለባለች። ጾም ሲገባ ብዙ ገዢ የሚያደርገው ቀላል ነው፤ ከገበሬው የሚቀበለውን ይቀንሳል። አንዳንዱ ደግሞ «አንቀበልም» ማለት ስለሚያፍር ምርመራውን ሰበብ ያደርጋል። በር ላይ ወተት ሲመጣ በላክቶሜትር ውሃ እንዳልገባበት ይለካል፣ ቀጥሎ በትንሽ ኩባያ ከአልኮል ጋር እኩል ይቀላቀላል። ከቋጠረ ወተቱ ሊፈርስ ነውና ይመለሳል። ጥሩ ምርመራ ነው። ግን አንድ አባት ካናቸውን አቅፈው እንዲህ ሲሉ ሰምቻለሁ፦ «ወተቴ የሚበላሸው ከቅበላ በኋላ ብቻ ነው እንዴ?»

እኚህ አባት ከፋሲካ በኋላ ወተታቸውን ለማን ያመጣሉ? ጥያቄው ይሄ ነው። በጾም የተመለሰ ገበሬ በፍስክ፣ ወተት በጠፋበት ሰዓት፣ ለሌላ ይሸጣል። ትክክልም ነው።

ዕቅዱ ውስጥ የጻፍነው እንዲህ ነው። ጥር ላይ እያንዳንዱን መሰብሰቢያ ጣቢያ ዞረን በጾም ወራት ከለመዱት መጠን ምን ያህሉን ሳንቀንስ እንደምንቀበል እንናገራለን። ቃል የገባነውን ቢዘንብም ቢያባራም እንወስዳለን። የአልኮል ምርመራው ገበሬው እያየ ይደረጋል፣ ውጤቱ ካርዱ ላይ ይጻፍለታል። የተረፈው ወተት ክሬሙ ወጥቶ ቅቤ ይሆናል፤ ቅቤው ፍሪዘር ገብቶ ለፋሲካ ይቆያል። ከፊሉ ጊዜ ወስዶ የሚበስል ቺዝ ይሆናል። ክሬሙ የወጣለት ወተት ግን ሁሌም ራስ ምታት ነው፤ በጾም አይብ አድርገህ ለማን ትሸጠዋለህ? ለጥጃ መኖ በርካሽ ይሄዳል።

አንድ ኪሎ ቅቤ ከ20 ሊትር በላይ ወተት ይበላል። ወተቱን ገበሬው በየ15 ቀኑ ይከፈልበታል፣ ቅቤው ግን የሚሸጠው በፋሲካ ሰሞን ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ገቢ በወረደበት በሁለት ወር ውስጥ ወጪው እንዳለ ይቀጥላል። የቆየው ዕቅድ ስለምርትና ስለሽያጭ አውርቶ ስለዚህ አንድ መስመር አልነበረውም። ለእኔ የኦፕሬሽን ዕቅድ ልቡ እዚህ ጋ ነው። ፍሪዘሩ ስንት ኪሎ ይይዛል፣ በየትኛው 15 ቀን ካዝናው ባዶ ይሆናል፣ ባንኩ ለኦቨርድራፍት፣ ማለትም ሒሳባችን ውስጥ ካለው በላይ እንድናወጣ፣ መቼ ይጠየቃል። የምንጠይቀው በጥር ነው፤ ሽያጭ ጥሩ ሳለ፣ ሒሳባችን ሲያምር። መጋቢት ላይ ሄዶ የሚለምን ፋብሪካ ፊቱም ያስታውቃል።

ማሽን ጥገናውን ወደ ሁዳዴ ወሰድነው። የፓስቸራይዘሩ ጋስኬት፣ የጄኔሬተሩ ሰርቪስ፣ የቀዝቃዛ ክፍሉ በር፣ ሁሉም ያኔ። ይሄ ማንንም አላከራከረም። የዓመት ፈቃድን ግን ወደዚያው ልውሰድ ስል አመፅ ሊነሳ ነበር። «በጾም ፈቃድ ወጥቼ ቤቴ ምን ልበላ ነው?» አለችኝ አንዷ የማሸጊያ ክፍል ሠራተኛ። መልስ አልነበረኝም። ግማሹን ፈቃድ በጾም፣ ግማሹን በፈለጉበት አደረግነው። የፋሲካ ሳምንት ፈረቃ ላይ የሚገቡት ደግሞ ዳግማይ ትንሣኤን ያርፋሉ።

የዕቅዱን እያንዳንዱን መስመር የምንጽፈው ምን፣ ስንት፣ ማን፣ መቼ ብለን ነው። አምስተኛ ዓምድ ጨመርኩበት፤ «ይህ ቢሆን ማንንም ሳትጠይቅ ይህን አድርግ» የሚል። ለምሳሌ መብራት ሲጠፋ የማታ ፈረቃ ኃላፊው ናፍጣ ለማቃጠል አለቃ ያስፈቅድ ነበር። አለቃ ተኝቷል፣ ስልክ አይነሳም፣ ወተቱ ይሞቃል። አሁን የቀዝቃዛው ታንክ ቴርሞሜትር ስር ወረቀት ተለጥፏል። ወተቱ 4 ዲግሪ ላይ መቆየት አለበት፤ 6 ከደረሰ ጄኔሬተሩ ይነሳል። አለቀ። የናፍጣው በርሜል ግማሽ ላይ ቀይ መስመር አለው፤ ከዚያ ሲወርድ ጥበቃው ለግዥ ይደውላል። ከተጠረዘው ዕቅድ ሁሉ ይሄ መስመር ነው ገንዘብ ያተረፈልን።

በሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን አደረገ። የዓመቱ ዕቅድ ከተጀመረ ሦስት ሳምንት ቢሆነው ነው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ማሸጊያ ላስቲካችን ጥሬ ዕቃው ከውጭ ነው የሚመጣው። የብዙ ሰው ዕቅድ በዚያ ሳምንት ወረቀት ሆኖ ቀረ። የእኛን ያዳነው ዕቅዱን በብር አለመጻፋችን ነው። ለአንድ ሺህ ሊትር ስንት ኪሎ ላስቲክ፣ በሰዓት ስንት ሊትር ናፍጣ፣ በፈረቃ ስንት ሰው እያልን ነበር የጻፍነው። ዋጋው ለብቻው በአንድ ገጽ ላይ ነው። ያንን አንድ ገጽ ቀይረን የቀረው ራሱ ተሰላ። ዋጋ መጨመር ግን አልቀረም፤ ያን ጊዜ ከካፌዎች ጋር ያደረግነውን ክርክር ባላስታውሰው እመርጣለሁ።

ክትትሉ አጭር ነው። ሰኞ ጠዋት ቆመን፣ ግድግዳው ወረቀት ፊት። አንድ ሕግ አለ፤ በመቶ ማውራት የለም። «የዕቅዱን 96 በመቶ አሳክተናል» ሲባል ሁሉም ያጨበጭባል፤ 4 በመቶው የት እንደፈሰሰ ግን ማንም አይጠይቅም። ስንት ሊትር ተደፋ? ስንት ላስቲክ ተመለሰ፣ ከየትኛው መስመር? ላስቲኩ ለስንት ሳምንት ይበቃል? እነዚህ ከተመለሱ ሌላው ይታወቃል። ጋሼ አሁንም በወሩ መጨረሻ መቶኛዋን ይጠይቁኛል፤ ለቦርዱ ስለምታስፈልጋቸው እሰጣቸዋለሁ።

ያልተፈታልን ላሟ ናት። ወተት የሚበዛው ሣር ባለበት፣ ከክረምት በኋላ ነው። ገበያው በጣም የሚፈልገው ደግሞ ከፋሲካ በኋላ፣ ሣሩ ደርቆ ድርቆሽ በተወደደበት ሰዓት። ላም ዘጠኝ ወር ገደማ ስለምታረግዝ ሚያዝያ ላይ እንድትወልድ ሐምሌ ላይ መዳቀል አለባት። ይሄን ለገበሬዎቹ ሳነሳ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ድርቆሹን ማን ይገዛል?» የሚል ነበር። ልክ ናቸው። በ2018 ዕቅድ ውስጥ አዲስ መስመር ገባ፤ ድርቆሽ በሚታጨድበት በጥቅምትና በኅዳር ፋብሪካው ገዝቶ ያከማቻል፣ ለሚስማሙ ገበሬዎች በሚያዝያ በዚያው ዋጋ ከወተት ሒሳባቸው እየተቀነሰ ይሰጣል። ለሙከራ አንድ ጣቢያ ብቻ መርጠናል። የማዳቀሉን ወረፋ ከወረዳው ባለሙያ ጋር የሚከታተለው የጣቢያው ሰብሳቢ ነው። «ማን» በሚለው ዓምድ የድርቆሹ መጋዘን ላይ የተጻፈው ስም የእኔ ነው። እስካሁን የሚከራይ መጋዘን አላገኘሁም።