ጭራዋን የምትቆላ የስፖንጅ ጥይት እንዴት ቀጥ ትላለች?

ነርፍና መሰሎቹ መጫወቻ ሽጉጦች የሚተኩሷት ጥይት ውስብስብ ነገር የላትም። ርዝመቷ 7 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ውፍረቷ 13 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ክብደቷ 1 ግራም ቢሆን ነው። መሀሏ ክፍት የሆነ ስፖንጅ፣ ጫፏ ላይ ለስላሳ ጎማ። በቃ።

ጥይቱ ሩቅ አልሄድ ሲል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚነካካው ሽጉጡን ነው። ጠንካራ ሞላ ገዝቶ ይቀይራል። ሞላ መቀየር እኔም ደስ ይለኛል፤ ብቻውን ግን ብዙ አያስኬድም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን አየሩ ጥይቷን የሚገታበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። አንድ ግራም የምትመዝን ስፖንጅ ደግሞ ያንን መቋቋም አትችልም። የጨመራችሁላትን ፍጥነት ገና መንገድ ሳትጀምር ታባክነዋለች። በዚያ ላይ ጭራዋን መቁላት ትጀምርና ወደፈለገችበት ትሄዳለች። ስለዚህ ሽጉጡን ትቼ ጥይቷን ያዝኩ።

ምንም ከመቁረጤ በፊት መለኪያ አዘጋጀሁ። ሽጉጡን ጠረጴዛ ላይ እንዳይነቃነቅ አድርጌ አሰርኩት። አሥር ሜትር ላይ ትልቅ ወረቀት ሰቀልኩ። የእያንዳንዷን ጥይት ጫፍ የጠመኔ ዱቄት አስነካሁ፤ ወረቀቱን ስትመታ ምልክት ትተዋለች። ጥይቶቹ ላይ በእስክሪብቶ ቁጥር ጻፍኩ። ቁጥሩ ቀልድ ይመስላል፤ ግን ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ እሱ ነው። አንዲት ጥይት ሁልጊዜ ወደ ግራ የምትሄድ ከሆነ ችግሩ እሷ ጋ ነው። ሁሉም ወደ ግራ ከሄዱ ሽጉጡን ወይም አተሳሰራችሁን እዩ።

ቁጥሩ ያሳየኝ ነገር አስገርሞኛል። ከአንድ እሽግ የወጡ ጥይቶች እኩል አይደሉም። አንዳንዷ ጎማዋ ዘመም ብሎ ተጣብቋል። አንዳንዷ ሙጫ በአንድ ጎኗ በዝቶባታል። ይህን ለማወቅ መተኮስም አያስፈልግም፤ መስታወት ላይ አንከባልሏት። ጫፏ እየዘለለ የምትንከባለለዋን ለይታችሁ አስቀምጡ። እነሱን ብቻ በማውጣት ወረቀቱ ላይ ያሉት ምልክቶች በደንብ ተሰበሰቡ። ወጪ የለውም፣ ልፋትም የለውም።

ቀጥሎ ማሳጠር። ሙሉዋን ጥይት 36 ሚሊሜትር አካባቢ ላይ፣ ማለትም ግማሿ ላይ ቆረጥኩ። ጎማው ፊት ላይ እንዳለ ኋላዋ ሲቀንስ ሚዛኗ ወደ ፊት ይመጣል። ጦርም ብረቱ ከፊት የሚሆነው ለመውጋት ብቻ አይደለም፤ ክብደቱ ፊቱን ይዞ እንዲሄድ ነው። አጭሯ ጥይት አፈሙዙን የሚፈትገው ስፖንጇም ያንሳል። ከሞከርኳቸው ሁሉ ርቀትንም አነጣጠርንም አንድ ላይ ያሻሻለልኝ ይህ ነው።

አቆራረጡ ግን ይወስናል። መቀስ ስፖንጁን ጨፍልቆ ስለሚቆርጥ ጭራዋ ይዛባል፤ ከኋላ የሚገፋት አየርም እኩል አያገኛትም። እኔ እንጨት ላይ የጥይቷን ውፍረት ያህል፣ 36 ሚሊሜትር ጥልቀት ያለው ቀዳዳ በሳሁ። ጥይቷን በጫፏ በኩል እስከ መጨረሻው አስገብቼ ትርፉን በአዲስ ምላጭ እያዞርኩ እቆርጣለሁ። አንድ ችግር አለ፦ ለረጅም ጥይት የተሠራ ካዝና አጭሯን አያጎርስም። ለአጭር የተሠራ ካዝና ያስፈልጋል፤ ካልሆነ አንድ በአንድ ማጉረስ ነው።

ከዚያ ራሴ ወደ መሥራት ገባሁ። ግንበኞች ማሸጊያ ከመቀባታቸው በፊት ክፍተት ውስጥ የሚጠቀጥቁት ክብ የስፖንጅ ገመድ አለ። 13 ሚሊሜትር የሚሆነው ለዚህ ሥራ ይመቻል። ተጠቅልሎ ስለሚመጣ ጠማማ ነው። ጫፉ ላይ ክብደት አንጠልጥዬ በፀጉር ማድረቂያ እያሞቅሁ ቀጥ አደረግኩት። ቆርጬ ፊቱ ላይ ትንሽ ሮንዴላ (መሀሉ ክፍት የሆነ ክብ ብረት) አጣበቅሁ፤ በላዩ ወፈር ያለ ለስላሳ ጨርቅ። ሙጫ የሚያቀልጠው መሣሪያ (ግሉ ጋን) ብዙ የማይግል ዓይነት ይሁን፤ አለበለዚያ ስፖንጁን ያቀልጠዋል።

ብረቱ በምንም ዓይነት መታየት የለበትም። ጨርቁ የሳሳ ወይም የተላቀቀ ከሆነ ጥይቷ ወደ ቆሻሻ ነው። ሚስማር፣ መርፌ፣ ጠንካራ ፕላስቲክ ጫፍ ላይ የሚያደርግ ሰው ካያችሁ ከእሱ ጋር አትጫወቱ። መከላከያ መነጽር የሌለው ሰው ባለበት እኔ አልተኩስም። ተራዋ ጥይት እንኳ ዓይን ላይ ጉዳት ታደርሳለች፤ ክብደት የጨመርንባትማ ይባስ።

ክብደት ሲነሳ፣ ልክ አለው። ሞላው የሚሰጠው ጉልበት ያው ነው። ጥይቷ ስትከብድ ቀስ ብላ ትወጣና ቅርብ ላይ ትወድቃለች። በፋብሪካ ሞላ ላለ ሽጉጥ ከ1 ግራም ብዙም ያልራቀች ጥይት ትሻላለች። ከባዷ የምታዋጣው ሞላው ጠንካራ ሲሆን ነው። ሚዛን ካላችሁ ከትክክለኛው ቁጥር ይልቅ እኩል መሆናቸውን ተከታተሉ። አንዷ ቀላል ሌላዋ ከባድ ከሆነች አንዷ ከፍ፣ ሌላዋ ዝቅ ብላ ትመታለች።

ሌላው አገጣጠሟ ነው። አፈሙዙ ውስጥ ከላላች አየሩ በጎን ያመልጣል፤ ከጠበቀች ፍትጊያው ጉልበቷን ይበላዋል። ከሽጉጡ ውጪ፣ የአፈሙዙን ስፋት ያለው ቱቦ ውስጥ ከትቼ እፍ እላታለሁ። ቀለል ባለ ትንፋሽ ተንሸራታ ከወጣች ጥሩ ናት። የተጨማደዱትን ትንሽ እንፋሎት ሳሳያቸው መልሰው ይነፋሉ። ካዝና ውስጥ ታጭቀው የሚከርሙ ጥይቶች ቶሎ ይጣመማሉ፤ ስለዚህ ጨዋታ ሲያልቅ አውጥቼ ነው የማስቀምጣቸው።

ክንፍ መለጠፍ ትርፍ የለውም፤ አፈሙዝ ውስጥ አይገባም። ዘይት መቀባትም ያው ነው፤ አቧራ ይሰበስባል። አፈሙዙ ጫፍ ላይ የዓሣ ማጥመጃ ክር ሰያፍ አድርጎ መወጠር ግን ይሠራል። ክሩ ጥይቷን እየነካ ስለሚያሽከረክራት ጠማማነቷ ወደ አንድ ወገን ብቻ አይጎትታትም። ፍጥነቷን ትንሽ ይቀንሳል። ክሩ ሲበዛ ወይም ሲጠብቅ ስፖንጁን ይቧጥጠዋል። አሁን ይህን የምጠቀመው በአጭሯ ጥይት ብቻ ነው፤ ከረጅሟ ጋር ለውጡ ለልፋቱ አይበቃም።