ጋሼን «አረጡ» ያስባለው ቃል

እንግሊዝኛዬን ላሻሽል ብዬ በቀን አንድ ቃል እሸመድዳለሁ። ችግሬ የሸመደድኩትን ለሰው ሳልናገር ካደርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ያለፈው ሰኞ ተራው የ«ክላይማክቴሪክ» ነበር። ወሳኝ መታጠፊያ ማለት ነው።

ከሰኞ ገበያ ሁለት ኪሎ አቮካዶ ገዝቼ አጎቴ ቤት ሄድኩ። ጋሼ ክረምቱ ሳይገባ ብለው መሰላል ላይ ወጥተው ቆርቆሮ ይመታሉ። እትዬ አቮካዶውን ጫን ጫን አድርገው፣ «ይሄ የምን ድንጋይ ነው?» አሉኝ።

ዕድሌን አገኘሁ። «እትዬ፣ አቮካዶኮ ክላይማክቴሪክ ነው! የሚበስለው ከተቀጠፈ በኋላ ነው። ብርቱካን ከሆነ አንዴ ከተቀጠፈ አይበስልም። አሁን ይሄን ከሙዝ ጋር ወረቀት ውስጥ ጠቅልለው ቢያስቀምጡት፣ ከሙዙ የሚወጣው ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ቶሎ ያበስለዋል።»

«ሙዙስ የታል?»

ሙዝ አልገዛሁም።

ጋሼ ከላይ፣ «ክላይ ምን?» አሉ። እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ።

«ጋሼ፣ አሁን የቆሙበት ነገር ነው! ቃሉ ከግሪክ የመጣ ነው፤ የመሰላል እርከን ማለት ነው። የጥንት ሰዎች ዕድሜን በሰባት በሰባት ይቆጥሩ ነበር። እያንዳንዱ ሰባተኛ ዓመት አደገኛ እርከን ነው ይላሉ። ከሁሉም የከፋው ሰባት ጊዜ ዘጠኝ፣ 63ኛው ነው።»

መዶሻው ቆመ።

«ስንት አልክ?»

ለካ ጋሼ ዘንድሮ 63 ናቸው። እትዬ፣ «ኧረ ይውረዱ ሰውዬ!» እያሉ መሰላሉን ጨመቁት። ጋሼ አራተኛው እርከን ላይ ደርቀው ቀሩ። አይወጡ፣ አይወርዱ።

«አብሽሩ ጋሼ፣ የድሮ ሰው ወሬ ነው! ቸርችል እንኳ በ1941 እ.ኤ.አ. ሂትለር ሶቪየት ኅብረትን የወረረ ዕለት፣ በሬዲዮ ጦርነቱ ከክላይማክቴሪኮቹ አንዱ ላይ ደረሰ ብሏል» አልኩ። ማረጋጋቴ ነው እንግዲህ።

ይሄኔ ነርሲንግ የምትማረው ልጃቸው ብቅ አለች። «እኛ የተማርነው ሌላ ነው። ማረጥ ነው።»

«ምን?»

«የሴቶች ማረጥ።»

ጋሼ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «እና እኔ አረጥኩ?» ትንሽ አሰቡና፣ «ቸርችልም አርጦ ነው በሬዲዮ የሚያውጀው?»

እትዬ መሰላሉን ለቀው መሬት ተቀመጡ፤ በሳቅ እንባቸው ይወርዳል። ጎረቤት በአጥር ብቅ ብላ፣ «ምን ሆናችሁ?» ስትል፣ እትዬ ትንፋሻቸውን እንደምንም ሰብስበው፣ «ጋሼ አርጠው ነው!» አሏት። እንግዲህ ደሴ ነው። ወሬው ከእኔ በፊት ፒያሳ ደርሷል።

ጋሼ ወርደው መዶሻውን አስጨበጡኝ። «መታጠፊያ ካማረህ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ውረድ፣ እስኪያስመልስህ ትታጠፋለህ። አሁን ግን ውጣና ቆርቆሮውን ጨርስ።» ወጣሁ። ሦስተኛው እርከን ቀጭ አለ። ያረፍኩት አቮካዶው ላይ ነው። አንዱም አልተጨፈለቀም። የተጨፈለቀው ጎኔ ነው።

ዓርብ እትዬ ደወሉ። «ያ ያረጠው አቮካዶ በስሏል፣ ጁስ ልንመታ ነው፣ ና። ጋሼህ ግን ቃል ይዞ እንዳይመጣ ብለዋል።»