ካምቢዮው ይታደስ ወይስ ይቀየር?

ዛሬ ውሎዬ ጋራዥ ነበር። የድሮዋ ሃይሉክሳችን፣ ባለ 2.8 ሊትር 3ኤል ናፍጣ ሞተሯ፣ ሁለተኛ ማርሽ ሲገባ ትንጫጫለች። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሦስተኛው ራሱ እየወጣ ባዶ ያስቀራታል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ለሚወርድ ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም።

ጓደኞቼ ሁሉ "ሶማሌ ተራ፣ ያገለገለ የመኪና ዕቃ ገበያው፣ ሂድና ሙሉ ካምቢዮ ገዝተህ ግጠም፣ ተገላገል" ይሉኛል። ልክ ነው፣ ይፈጥናል። ግን ያገለገለ ካምቢዮ ውስጡን ማን አየው? ከምን ዓይነት መኪና እንደወረደ፣ ዘይት ሳይቀየርለት ስንት ዓመት እንደተነዳ ማን ይነግርሃል? ሻጩማ "ንጹህ የዱባይ ነው ወንድሜ" ይላል፤ ሌላ ምን ይበል!

መካኒኩ ጋሼ ዘይቱን ሳህን ላይ ቀድተው ባትሪ አበሩበት። ቢጫ ብናኝ ያብለጨልጫል። "ይሄ የሲንክሮው፣ ማርሽ ሲገባ ፍጥነት የሚያስማማው ቀለበት፣ ነሐስ ነው ልጄ፣ ይቀየራል። የጥርስ ስባሪ ባገኝ ኖሮ ሌላ ግዛ እልህ ነበር" አሉኝ። ሞተሩን አስነስተው ፍሪሲዮን አስረገጡኝ፤ ጉርምርምታው ጸጥ አለ። የሚጮኸው የካምቢዮው የፊተኛው ዘንግ ኩሽኔታ ነው። የሦስተኛው ጉድ ግን ሲፈታ ነው የሚታየው።

ይታደስ ብያለሁ። ሲንክሮ፣ ኩሽኔታና ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይፈስ የሚይዘው ጎማ) በሙሉ ይቀየራል፤ ካምቢዮው ከወረደ አይቀር የፍሪሲዮኑ ዲስክም አብሮ። ጥርሶቹ ተበልተው ከተገኙ ሒሳቡ ይገለበጣል፣ ያኔ ወደ ሶማሌ ተራ ነው።

ኦሪጅናል ሲንክሮን ከቅጂው መለየት የምትችሉ፣ ዕቃ ልገዛ ስለሆነ ኢንቦክስ አድርጉልኝ።