የመጀመሪያው ዕጣ

ሐዋሳ ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ወር ዕቁብ ገባሁ። 20 ሰው፣ በሳምንት 500 ብር። የመጀመሪያው ዕጣ ለእኔ ወጣ! ዋስ ጠርቼ 10,000 ብሬን ተቀበልኩ፣ ሎተሪ የደረሰኝ ነው የመሰለኝ። በማግስቱ ስልክ ገዛሁ፣ ቅዳሜ ጓደኞቼን አሞራ ገደል ወስጄ ዓሣ ጋበዝኩ (ጥብሱም ሾርባውም በእኔ)፣ የቀረው በባጃጅና በማኪያቶ የት እንደገባ እንጃ።

ለካ ቀድሞ የደረሰው ሰው ተበዳሪ ነው። ወለድ የለውም እንጂ ዕዳ ነው። የስልኩ ስክሪን በወሩ ተሰነጠቀ፣ እኔ ግን በየእሁዱ 500 ብር ይዤ ዳኛዋ ቤት። «አንተ ልጅ፣ ዛሬም ፊትህ ጠቁሯል» ይሉኛል።

አሁንም ዕቁብ እጥላለሁ። ቶሎ ከወጣልኝ ግን ለቸገረው እለቃለሁ። ባለፈው ለአንዷ ስለቅላት «ጤነኛ ነህ?» አለችኝ።