ሲጠፋ ክዳኑን እንዳትነካ

አሮጌ ሞተር ሳይክሎች ብቻ የሚጠገኑበት ጋራዥ ውስጥ ከገባሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። ሦስተኛ ዓመት መጥፎ ጊዜ ነው። ለመጠየቅ ታፍራለህ፣ ሳትጠይቅ ለመሥራት ደግሞ ገና ነህ።

ጋሼ እያልን የምንጠራቸው ደንበኛ ነበሩን። እ.ኤ.አ. የ1968 ትራያምፍ ቦንቪል አለቻቸው። ቲ120 የምትባለው፣ 649 ሲሲ፣ ሁለት ሲሊንደር። እንደ ጌጥ ሸፍነው የሚያስቀምጧት እንዳይመስላችሁ፣ ይነዷታል። ዘይቷን ራሳቸው ይቀይራሉ፣ ሰንሰለቷን ራሳቸው ያጠብቃሉ፣ ያደረጉትን ሁሉ በኪሳቸው በምትገባ ደብተር ይጽፋሉ። እንዲህ ዓይነት ደንበኛ ለሜካኒክ በረከት ነው። እኔ ግን ያኔ ያቺ ደብተር ትንሽ ታስቀኝ ነበር።

መጀመሪያ የመጡት ለመደበኛ ሰርቪስ ነው። ቫልቭ ለካሁ፣ ፑንቲናዎቹን፣ እየተከፈቱና እየተዘጉ የካንዴላውን ብልጭታ የሚያስነሱትን፣ አስተካከልኩ፣ ዘይት ቀየርኩ። ሊወጡ ሲሉ «የቤንዚኑ ክዳን ያንጠባጥባል፣ ቀለሙን እያበላሸብኝ ነው» አሉኝ። እሱንም አሸግሁላቸው። አምስት ደቂቃ ያልፈጀ ነገር ስለሆነ የሥራ ካርዱ ላይ እንኳን አልጻፍኩትም።

ሁለት ሳምንት ቆይተው ተመለሱ። ሞተሯ መንገድ ላይ እየጠፋች ነው። ጠዋት በአንድ ርግጫ ትነሳለች፣ ሃያ ደቂቃ ያህል እንደ ሰዓት ትሄዳለች፣ ከዛ ታስላለች፣ ጉልበት ታጣለች፣ ቀጥ። ትንሽ ቆም ብለው ሲረግጧት እንደገና ትነሳለች። «ታንከሩን ስሞላው ደግሞ ይብስባታል» ብለው ከደብተሯ አንድ ገጽ ቀድደው ሰጡኝ። «ሙሉ፣ 18 ደቂቃ። ግማሽ፣ 31 ደቂቃ።» እንዲህ እያለ ይወርዳል። አመስግኜ ተቀበልኩና መሣሪያ ጠረጴዛው ላይ ቁልፍ ጫንኩበት። ሙሉ ታንከር ቤንዚን ሞተር ያጠፋል እንዴ? ብዬ በሆዴ ሳቅሁ።

ምክንያቱም መልሱን አውቀዋለሁ ብዬ ነበር። ሲሞቅ መጥፋት፣ ሲበርድ መነሳት፤ ይሄ ኮንደንሰር ነው። በአሮጌ ሞተሮች ላይ የሠራ ሰው ሁሉ ይነግራችኋል። ኮንደንሰር ፑንቲናው ሲከፈት የሚፈጠረውን ብልጭታ የሚውጥ ትንሽ ቆርቆሮ ነገር ነው። ሲያረጅ ሙቀት አይችልም። ሲሞቅ ይከዳል፣ ሲበርድ ምንም እንዳልሆነ ይመለሳል። በዚች ሞተር ላይ ደግሞ ከታንከሩ ሥር ነው የሚቀመጠው፣ ስለዚህ መጀመሪያ ታንከሩ ይወርዳል።

አወረድኩት። ሁለቱንም ኮንደንሰሮች ቀየርኩ። ታንከሩን መልሼ ሳልጭን ልሞክራት ብዬ፣ ሁላችንም እንደምናደርገው፣ ከላይ የተንጠለጠለች የቤንዚን ጠርሙስ በቀጭን ቱቦ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅሉት ካርቡሬተሮቹ ላይ አገናኘሁ። ሞተሯ በአየር የምትቀዘቅዝ ስለሆነች ፊት ለፊቷ ትልቅ ማራገቢያ አቆምኩ። አርባ ደቂቃ ሠራች። አንዴ እንኳን አላሳለችም። ታንከሩን ጭኜ ደወልኩላቸው።

በሦስተኛው ቀን እየገፉ መጡ።

የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለካንዴላዎቹ የሚያበረቱትን ኮይሎች ቀየርኩ። እነሱም ከታንከሩ ሥር ናቸው። ታንከር ወረደ፣ ጠርሙስ ተንጠለጠለ፣ አርባ ደቂቃ፣ ሰላም። ሸኘኋቸው። ተመለሱ። ፑንቲናዎቹን እንደገና ከፍቼ ክፍተታቸውን 0.38 ሚሊሜትር ላይ አስተካከልኩ፣ ታይሚንጉን፣ ማለትም ብልጭታው የሚነሳበትን ጊዜ፣ በመብራት አየሁ፣ ብልጭታው በጣም በሚቀድምበት (ሙሉ አድቫንስ) ላይ 38 ዲግሪ፣ ልክ ነው። ሁለቱን አማል ካርቡሬተሮች አውርጄ እያንዳንዷን ቀዳዳ በአየር ነፋሁ። ታንከር ወረደ፣ ጠርሙስ ተንጠለጠለ። አሁን ስጽፈው እኔንም ያስቀኛል፤ ያኔ ግን እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር።

በመጨረሻ ራሴ መንገድ ላይ ይዣት ወጣሁ። እውነትም ጠፋች። ዳር ይዤ ቆምኩና ቤንዚን አልቆ ይሆናል ብዬ ክዳኑን ከፈትኩ። ፍስስ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወደ ውስጥ ሳይ ቤንዚን ሞልቷል። ዘጋሁት። ሁለት ደቂቃ ጠብቄ ረገጥኳት፣ ተነሳች። «በርዳለች ማለት ነው» አልኩ። ያንን ፍስስታ በጆሮዬ ሰምቼ፣ በእጄ ክዳኑን ይዤ፣ «በርዳለች» ነው ያልኩት።

ከአለቃዬ ጋር የዕድሜ እኩዮች ነን፣ አንተ ነው የምንባባለው፣ እሱ ግን በዚህ ሥራ ላይ ከልጅነቱ ጀምሮ ነው። ያን ቀን አዲስ ኮንደንሰር ለሁለተኛ ጊዜ ላዝዝ ስል አየኝና በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

«ስንት ኮንደንሰር አላት?»

«ሁለት።»

«ኮይልስ?»

«ሁለት።»

«ፑንቲና? ካርቡሬተር?»

«ሁለት፣ ሁለት።»

«ስትጠፋ አንዱ ሲሊንደር ነው ወይስ ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ሁለት ኮንደንሰር ተማክረው በአንድ ደቂቃ አይሞቱም። አንዱ ቢሞት ሞተሯ በአንድ እግሯ እያነከሰችም ቢሆን ቤት ታደርስሃለች። ይሄን ለማሰብ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጊዜ ነበረኝ።

«ለሁለቱም አንድ የሆነው ምንድነው?» አለኝ።

«ባትሪውና ቁልፉ። ባትሪውን ለክቻለሁ፣ ቁልፉንም በቀጥታ ሽቦ አልፌ ሞክሬዋለሁ። ደግሞ መብራት ቢቋረጥ ድንገት ነበር የምትጠፋው። እሷ እያሳለች ነው።»

«ታንከርስ ስንት አላት?»

ከዛ ደብተሯ ላይ የተቀደደችውን ወረቀት ከቁልፉ ሥር ሳብ አድርጎ አነበባት። ሁለቴ አነበባት። «ይዘሃት ውጣ» አለኝ። «ታንከሩን ሙላው። ስትጠፋ ክዳኑን እንዳትነካ። መጀመሪያ ቱቦውን ከካርቡሬተሩ ንቀል።»

ወጣሁ። አስራ ምናምን ደቂቃ ሄዳ ጠፋች። ከሞተሩ ሙቀት ራቅ አድርጌ አንዱን ቱቦ ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኩ። መክፈቻው ክፍት ነው፣ ታንከሩ ሙሉ ነው። አራት አምስት ጠብታ ወረደ። ከዛ ቆመ። ቱቦው ጫፍ ላይ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላ አልወርድም አለች። በሌላ እጄ ክዳኑን ሩብ ዙር አዞርኩት። ፍስስ። ቤንዚኑ ዘሎ ወጣ፣ ግማሹ ጫማዬ ላይ።

ክዳኑን ገልብጬ አየሁት። መሀሉ ላይ ያለችው የመተንፈሻ ቀዳዳ አትታይም። የሸፈናት ጥቁር ክብ ጎማ ነው። ክብነቱ በጣም ያምራል፣ በመቀስ የተቆረጠ ነው፣ የቆረጥኩትም እኔ ነኝ። መተኪያው ቀለበት በእጃችን ስላልነበረ ቤንዚን ከሚችል የጎማ ንጣፍ ላይ ክዳኑን አስቀምጬ በእስክሪብቶ አዞርኩና ቆረጥኩ። መሀሉን ለመብሳት በልኩ የሆነ መብሻ አላገኘሁም። ባልበሳውስ? እንዲያውም የበለጠ ይታሸጋል ብዬ ነበር ያሰብኩት። አሁንም ትዝ ይለኛል፣ በጣም ረክቼ ነበር።

የጋሼ ደብተር ደግሞ ትክክል ነበረች። ቤንዚን ሲወርድ በምትኩ አየር መግባት አለበት። ካልገባ ከላይ ያለው አየር እየሳሳ ቤንዚኑን ይዞ ያስቀረዋል። ታንከሩ ሙሉ ሲሆን ከላይ ያለው ክፍተት ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ጥቂት ቤንዚን እንደወረደ ይታነቃል። ግማሽ ሲሆን ሰፊ አየር ስላለ ቶሎ አይታነቅም። 18 ደቂቃ፣ 31 ደቂቃ። እኔ ያንጠለጠልኳት ጠርሙስ ደግሞ አፏ ክፍት ነው። በሞከርኳት ቁጥር በሽታውን ከነታንከሩ አውርጄ ጥግ ላይ አስቀምጬው ነበር ማለት ነው።

ጋሼን መንገር ከባዱ ክፍል ነበር። «ቀዳዳ ተደፍኖ ነበር» ብዬ ማለፍ እችል ነበር፣ ውሸትም አይሆንም። አለቃዬ ከኋላ ቆሞ እያየኝ ባይሆን ኖሮ ምን እንደምል አላውቅም። ጎማዋን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። «እኔ ነኝ የቆረጥኳት» አልኩ። «የከፈሉትን ሁሉ እንመልሳለን።»

ወደ ብርሃን አንስተው አገላበጧት። መነጽራቸውን አደረጉ።

«አቆራረጥህ ግን ጥሩ ነው» አሉ።

ከዛ ደብተራቸውን አወጡና ጻፉ። ምን እንደጻፉ አላየሁም። ሄልሜታቸውን ካጠለቁ በኋላ ዞር አሉና «እነዛ ያወጣሃቸው ኮንደንሰሮች ምንም አልሆኑም ማለት ነዋ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ፣ ደህና ናቸው።»

«ታዲያ አምጣቸዋ።»

ከመሳቢያው አውጥቼ በጨርቅ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። ኮይሎቹንም ጨመርኩ።