ጥርሱን የታመመው ሽፍታ

ለጓደኛዬ የሞባይል ጌም ክፉ ገጸ ባሕርይ ልስልለት ቃል ገባሁ። ሦስት ቀን በደብረ ብርሃን ብርድ ቀንድ፣ ጥርስና ቀይ ዓይን ስደረድር ከረምኩ። አያቴ ታብሌቱን አዩና "ይሄ ልጅ ጥርሱን ታሞ ነው?" አሉኝ። አለቀልኝ።

ሁሉንም ሰረዝኩት። መጀመሪያ መምጣት ያለበት ጥላው ነው። ምስሉን ድፍን ጥቁር ቀብቶ፣ አውራ ጣት አሳክሎ ማየት። የኔው የማገዶ ክምር ይመስል ነበር።

ከዚያ በርኖስ ትዝ አለኝ። ጥቁር የመንዝ በግ ሱፍ፣ ትከሻው ላይ ያቺ ሹል ጫፍ። ጫፏን ትንሽ አስረዘምኳት፤ ሰውዬው ያለ መሣሪያ የታጠቀ መሰለ። እጆቹን በርኖሱ ውስጥ ደበቅኳቸው። የሚያስፈራው የማይታይ እጅ ነው። ከኋላው የጣርማ በር ተራራ ጉም። ፊቱ ላይ ቁጣ የሚባል የለም።

ዓይኑን ግን ከቤተ ክርስቲያን ወሰድኩት። በድሮ ሥዕሎቻችን ጻድቃን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ያዩናል። ክፉዎቹ በጎን ናቸው፣ በአንድ ዓይን። እኔም በጎን አዞርኩት። ቀይ ቀለም ደረቱ ላይ ብቻ፣ እንደ መንዝ ጓሳ ጭላዳ ዝንጀሮ። (ጭላዳ ምስኪን ሣር በል ነው፤ ይቅር ይበለኝ።)

አያቴ ድጋሚ አዩት። ትንሽ ዝም አሉ።

"አጥፋው፣ መሽቷል።"