ሳንጣላ ተራራቅን

ዲቪ የደረሳት የአክስቴ ልጅ ሰሞኑን «ቴሌግራም እያለ ምን ናፍቆት አለ? በቪዲዮ እየተያየን አይደል እንዴ የምንኖረው?» አለችኝ። አልፈርድባትም። ሀገር ቤት ሆኖ ለሚያስበው ሰው እውነት ይመስላል።

ተጣልቶ የተለያየ ሰው ቢያንስ ምክንያቱን ያውቀዋል። የስደት መራራቅ ግን ጠብ የለውም። መጀመሪያ የሚለያየን ሰዓት ነው። እኔ ያለሁት ዋሽንግተን አካባቢ ነው። ከአዲስ አበባ ጋር ያለን ልዩነት 7 ሰዓት ነው፤ ጥቅምት መጨረሻ ላይ እዚህ ሰዓት ወደኋላ ሲመለስ ደግሞ 8 ይሆናል። አብሮ አደግ ጓደኛዬ ልጆቿን አስተኝታ አረፍ ስትል እኔ ሥራ ላይ ነኝ። እኔ ቤቴ ስገባ እሷ እንቅልፍ ላይ ናት። የቀረችን እሑድ ነበረች። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲዘጋ እሷም ተቋረጠች። ሲከፈት «ደህና ነን» ተባባልን፤ እሑዳችን ግን በዚያው ቀረች።

አንድ ዓመት ለገና ደወልኩ። ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ሁሉም «ጠፋሽ እኮ!» ይለኛል። ጓደኛዬ ጋ ሲደርስ «እቴቴስ? እስቲ አገናኚኝ፣ ድምፃቸውን ልስማ» አልኳት። ቤቱ ጸጥ አለ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስተኛችው መሰለኝ፣ የሚታየኝ ኮርኒስ ብቻ ሆነ። ቆይቶ ወንድሟ አነሳውና «አልነገሩሽም እንዴ? ሰማንያዋም ወጥቷል እኮ» አለኝ።

እኒያ እናት ከልጃቸው ሳይለዩ ያበሉኝ ሴት ናቸው። ሀገር ቤት ብሆን ድንኳኑ ሲተከል ቡና የማፈላው፣ ከጓደኛዬ ጎን የማድረው እኔ ነበርኩ። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው እኛ ዘንድ እንዴት እንደሚታይ ታውቃላችሁ። እኔ ደግሞ ጭራሽ በበዓል ቀን፣ በሰው ፊት፣ የሞተን ሰው «አገናኚኝ» አልኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

የደበቁኝ ጠልተውኝ አይደለም። «በሰው ሀገር ብቻዋን ሰምታ ምን ትሆናለች» ብለው ነው። ለሥጋ ዘመድማ እዚህም ሀበሻው ተሰብስቦ በማለዳ በር አንኳኩቶ ያረዳል። የጓደኛ እናት ስትሞት ግን የሚያረዳ የለም።

እኛም ብንሆን እንደብቃለን። ከሥራ ስንወጣ፣ ስንታመም፣ የቤት ኪራይ ሲያቅተን «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ነው መልሳችን። የሥራ ባልደረቦቼ ከእናታቸው ጋር ለመነጋገር ቀጠሮ ይይዛሉ፤ ይህ አሁንም አይዋጥልኝም። ሲደዋወሉ ግን የምርመራ ውጤታቸውን ሳይቀር ያወራሉ። እኛ ያለ ቀጠሮ ደውለን፣ የሰፈሩን ሰው ደህንነት አንድ በአንድ ጠይቀን፣ ዋናውን ነገር ሳናነሳ እንዘጋለን። እንዲህ እያልን አንድ ቀን የምናወራው ያልቅብናል። ያኔ ስልክ የሚደወለው ብር ሲላክ ብቻ ይሆናል።

ለአክስቴ ልጅም ሆነ ለመውጣት ለተዘጋጃችሁ ሁሉ የምለው አለኝ። በርበሬውና ሽሮው ይታሰብበታል፣ እናቶቻችሁ አሉ። እናንተ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ የማይደብቃችሁ ሰው ምረጡ። «ሰው ሲታመምም ሲሞትም በዚያው ቀን ንገረኝ፣ አለቅሳለሁ እንጂ አልሞትም» ብላችሁ ቃል አስገቡት። እናንተም ሲከፋችሁ ለእሱ ተናገሩ። ብር የማትልኩበት ወር ላይም ደውሉ፤ እንዲያውም በዚያ ወር አብዝታችሁ ደውሉ።

ሀገር ቤት ያላችሁም እባካችሁ አትዘኑልን። ሐዘኑን ሰምተን እንችለዋለን። ከጓደኛዬ ጋር በስልክም ቢሆን አብሬ ማልቀስ የነበረብኝ በመጀመሪያው ቀን ነበር። ከዚያ ገና ወዲህ ስንደዋወል ሁለታችንም ስለ እቴቴ አናነሳም።